በኦስቲዮፓቲ ሕክምና የአካሚው ሐሳብ ምን ያህል ድርሻ አለው?

ጥያቄ፤ ከ«ፊዚዮ ዘደሴ»

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት።

በደሴ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ እሠራለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት ታካሚዎች አብዛኞቹ ወገባቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ትከሻቸውን የሚያማቸው ናቸው፤ ሰኞ ገበያ ጆንያ ሲሸከም የሚውል ወጣት፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሙሉ ፈረቃ ቆማ የምትሠራ እናት፣ የሐረጎን ዳገት ቀን በቀን የሚወጣና የሚወርድ የሚኒባስ ሹፌር። የእጅ ሕክምና ዕውቀቴን ለማስፋት ስል በቅርቡ በኢንተርኔት የሚሰጥ የኦስቲዮፓቲ (አጥንትን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ) ትምህርት ጀምሬአለሁ።

ትምህርቱ በአብዛኛው ጠቅሞኛል። ነገር ግን መምህሩ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጉዳይ አልዋጥልኝ ብሏል። እንደ እርሳቸው አባባል አካሚው እጁን ከማሳረፉ በፊት ሐሳቡን ሰብስቦ ምን ለማድረግ እንደተነሣ በልቡ ቁርጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ ሁለት አካሚዎች በአንድ ዓይነት ስልት አንድ ቦታ ቢነኩ እንኳ ያሰቡት ከተለያየ ውጤቱም ይለያያል። እስከዚህ ድረስ ከራሴ የሥራ ልምድ ጋር አይጣላብኝም። ወደ ራስ ቅል ሕክምናው ስንደርስ ግን ጣት መግፋትም መሳብም አያስፈልገውም፣ አቅጣጫውን ማሰብ ብቻ ይበቃል፣ አካሉ ሐሳቡን ተከትሎ ይሄዳል ሲሉ አስተማሩን። ውጤት አላገኘሁም ያለ ተማሪም ሐሳብህ ንጹሕ ስላልነበረ ነው የሚል መልስ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው መልስ ከማስረዳት ይልቅ ተማሪውን ዝም ለማሰኘት የተበጀ መስሎ ታየኝ።

ነገሩን ጨርሶ ለማጣጣልም አልደፍርም። በሰፈራችን ዕድሜ ልካቸውን ወጌሻ ሆነው የኖሩ አንድ አባት አሉ፤ ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው ቢስሚላህ ሳይሉ ማንንም አይነኩም፤ ከሰው ጋር ተጣልተው በዋሉበት ዕለት ደግሞ የመጣውን ሰው «ዛሬ እጄ ልክ አይደለም፣ ነገ ና» ብለው ይመልሱታል። ኦስቲዮፓቲ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ የሚያደርጉት ግን መምህሩ ከሚሉት ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ የአካሚው ሐሳብ በእርግጥ በሕክምናው ውጤት ላይ ድርሻ አለው? ካለውስ የሚሠራው በምን መንገድ ነው? በሙያው የሠለጠናችሁ ወይም ጥናቱን የምታውቁ ብታብራሩልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፤ ከ«የቦርከና ልጅ»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ሲሆን ኦስቲዮፓቲ የተማርሁትም የምሠራውም እንግሊዝ አገር ነው። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት ሳይመዘገብ ራሱን ኦስቲዮፓት ብሎ የሚጠራ ሰው በወንጀል ይጠየቃል፤ በአሜሪካ ደግሞ በዚህ ዘርፍ የሚመረቁት መድኃኒት የሚያዝዙና ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ ሙሉ ሐኪሞች ናቸው። ይህን የማነሣው በኢንተርኔት የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ከሁለቱም የማይደርስ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ስለሚበጅ ነው።

መምህርዎ ያስተማሯችሁ ሁለት ነገሮች ከሁለት የተለያዩ ሰዎች የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው የሙያው መሥራች አንድሩ ቴይለር ስቲል ነው። ስቲል የአሜሪካ የገጠር ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ሲሞቱበት በዘመኑ መድኃኒት ላይ የነበረው እምነት ተናጋ፤ በ1874 አዲስ ያለውን የሕክምና መንገድ ይፋ አደረገ፤ በ1892 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። በእርሱ ትምህርት አካሚው ከእጁ በታች ያለውን አጥንት፣ ጅማትና የደም ሥር በዓይነ ሕሊናው እያየ መሥራት ነበረበት፤ ተማሪዎቹን በአናቶሚ ያስጨንቅ የነበረውም ስለዚህ ነው። በዚህ አረዳድ የአካሚው ሐሳብ ማለት እጁ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግና የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ነው፤ ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለበትም።

ሁለተኛው ከከርክስቪል የተመረቀው ዊልያም ጋርነር ሰዘርላንድ ነው። ሰዘርላንድ ከጆሮ በላይ ያለውን የራስ ቅል አጥንት ጠርዝ ሲመለከት የዓሣ መተንፈሻ መስሎ ስለታየው፣ የራስ ቅል አጥንቶች በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ ወደሚል መደምደሚያ ሄደ፤ በኋለኛው ዘመኑም ከውስጥ የሚመራ የሕይወት እስትንፋስ ስላለው ኃይል መናገር አዘወተረ። «አስብ እንጂ አትግፋ» የሚለው ትምህርት የሚቀዳው በዋነኛነት ከዚህ ወገን ነው። ችግሩ፣ ሁለት የሠለጠኑ አካሚዎች የአንድን ሰው ራስ በየተራ ይዘው ተሰማን የሚሉት ምት እርስ በርሱ የማይገጥም መሆኑ በተደጋጋሚ መታየቱ ነው። እኔም ራስን በሁለት መዳፍ የመያዙን ስልት አልፎ አልፎ እጠቀምበታለሁ፤ ታካሚው ይረጋጋል፣ ትንፋሹ ይረዝማል፤ አጥንቱን በሐሳቤ አንቀሳቀስሁት ግን አልልም።

ሐሳብ በእጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቦታ አለ። የታካሚውን የራሱን የጡንቻ ግፊት የምንጠቀምበትን ስልት ይውሰዱ። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀኝ በዝግታ አዞራለሁ፤ የመጀመሪያው ተቃውሞ ከጣቴ ሥር ሲሰማኝ እዚያው አቆማለሁ። ከዚያ ታካሚው በትንሽ ኃይል ወደ ግራ እንዲገፋ እነግረዋለሁ፤ ለአምስት ሰከንድ ያህል ሳላስኬደው እይዘዋለሁ፤ ሲለቅ ጥቂት ጠብቄ አዲስ የተገኘውን ቦታ ያህል ብቻ እጨምራለሁ። ይህንኑ ሦስት ወይም አራት ጊዜ እደግማለሁ። አሁን «ይህን አንገት ዛሬ እስከ መጨረሻው ማዞር አለብኝ» ብዬ ብነሣ፣ ሳላውቀው ከመጀመሪያው ተቃውሞ አልፌ እሄዳለሁ፤ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይጨብጣል፤ ታካሚውም ትንፋሹን ይይዛል። «እስከ የት ይፈቅድልኛል?» ብዬ ብነሣ ደግሞ እጄ በጊዜው ይቆማል። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ስልት ናቸው። ለተኛው ሰው ግን አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱንም ያመጣው ከእጄ የወጣ የማይታይ ኃይል ሳይሆን የግፊቱ መጠን፣ ፍጥነቱና የማቆሚያው ቦታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ትምህርት ይያዙ፤ ሁለተኛውን ማስረጃ እስኪመጣለት ያቆዩት። «ሐሳብህ ንጹሕ አልነበረም» የሚለውን ግን ለእኔም ቢሉኝ አልቀበለውም፤ ሲሳካ ለትምህርቱ ምስጋና፣ ሳይሳካ ለተማሪው ወቀሳ የሚያከፋፍል አነጋገር ፈጽሞ ሊፈተን አይችልምና።

መልስ፤ ከ«ውስጥ ደዌ»

ከላይ የተጻፈው በአብዛኛው ያስማማኛል። እዚሁ ደሴ የምሠራ ሐኪም ነኝ፤ የምጨምረው ስለ ጥናቶቹ ነው።

የአካሚው ግምት ሳይነገር ወደ ታካሚው እንደሚተላለፍ ከሚያሳዩት መካከል የቆየው እ.ኤ.አ. በ1985 በላንሴት መጽሔት የወጣው ነው። የመንጋጋ ጥርሳቸውን ለተነቀሉ ሰዎች መርፌ ሲሰጥ፣ ሐኪሞቹ ስለ አንደኛው ቡድን ኃይለኛው ማስታገሻ ፌንታኒል ሊደርሳቸው ይችላል ተብለው ነበር፤ ስለ ሌላው ቡድን ግን ያ ዕድል እንደሌለ ያውቁ ነበር። ለታካሚዎቹ ልዩነቱ አልተነገራቸውም። ከሁለቱም ቡድኖች ምንም መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት ሲነጻጸሩ፣ ሐኪሞቻቸው ማስታገሻ ሊሆን ይችላል ብለው ያሰቡላቸው ሰዎች ሕመም ቀነሰ፤ የሌሎቹ አልቀነሰም። ሐኪሙ በልቡ የያዘው ነገር በፊቱ፣ በድምፁ ወይም በአኳኋኑ አምልጦ ወጥቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት 262 የሆድ ዕቃ መታወክ ያለባቸውን ሰዎች በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ወረፋ ብቻ አስጠበቀ፤ ለሁለተኛው የማስመሰል አኩፓንቸር (ቀጭን መርፌ እየሰኩ የማከም ስልት) ያለብዙ ንግግር ሰጠ፤ ለሦስተኛው ያንኑ የማስመሰል ሕክምና ከሞቀ አቀራረብና ከሚያዳምጥ አካሚ ጋር ሰጠ። በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በተራ 28፣ 44 እና 62 ከመቶ ነበሩ።

ለጥያቄው ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። በጤነኛ ሰዎች ላይ እጅ የሚያሳርፉ ባለሙያዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ትኩረቱን በእጁ በሚሰማው ላይ እንዲያደርግ፣ ሌላው እጁን እንዲሁ እንዳኖረ በጆሮው የሚመጣለትን ድምፅ እንዲከታተል ታዘዘ። የተነኩት ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ ሲታይ፣ በትኩረት በተነኩትና ባልተተኮረባቸው መካከል በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ትስስር ላይ ልዩነት ተገኘ፤ ልዩነቱም የታየው እጁ ከቆየ በኋላ ነው። ይህ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ ሕመምተኞች አልነበሩም፤ የአንጎል ምስል መለወጥም ወገብ ዳነ ማለት አይደለም።

ኦስቲዮፓቲ ራሱ ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት አለ። ወገባቸውን የሚያማቸው 400 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ በስሱ የመንካት የማስመሰል ሕክምና በየሁለት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ ተሰጣቸው። በእውነተኛው ወገን ያሉት በጥቂቱ በልጠው ተገኙ፤ በዕለት ሥራ መቸገራቸው ከመቶ ሲለካ ልዩነቱ ግን ከአራት ነጥብ በታች ስለነበር፣ ለሰው ኑሮ ትርጉም ያለው መሆኑን አጥኚዎቹ ራሳቸው ተጠራጥረዋል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በክኒን ጥናት ሐኪሙም ታካሚውም የትኛው እንደተሰጠ እንዳያውቁ ማድረግ ይቻላል፤ በእጅ ሕክምና ግን አካሚው የሚያደርገውን ከራሱ መደበቅ አይችልም። ስለዚህ የአካሚውን ሐሳብ ከስልቱ ነጥሎ መመዘን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ያችን ትንሽ ልዩነት እንኳ ስልቱ ያመጣት ይሁን አካሚው በሚያምንበት ሕክምና ላይ የነበረው ልብ ያመጣት፣ መለየት ያዳግታል።

ሳይነኩ፣ በእጅ የሰውን ኃይል እንለያለን ለሚሉትም (ይህ ከኦስቲዮፓቲ ውጭ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤቱ ነው) እ.ኤ.አ. በ1998 በጃማ የሕክምና መጽሔት የታተመውን ላስታውስ። ፈተናውን ያዘጋጀችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ 21 አካሚዎች በመከለያ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው የእርሷ እጅ በየትኛው እጃቸው አጠገብ እንዳለ ሲጠየቁ በትክክል የመለሱት 44 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በግምት ብቻ ቢሆን 50 ይጠበቅ ነበር።

በመጨረሻ የማልተወው ነገር፣ ወደ እናንተ ከሚመጣው ወገብ መካከል በሐሳብም በእጅም የማይነካ መኖሩ ነው። በእኛ አገር ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳና የሚያተኩሰው ሰው ወገቤን ሲል የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታም አለ፤ ሽንት የከለከለው ወይም መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ወጌሻውም ቢሆኑ ኒያቸው (የልብ ሐሳባቸው) የቱንም ያህል ቢያምር፣ የተሰበረ እግር ላይ ቀርከሃውን አጥብቀው ካሰሩት ደም ይቋረጥና እግሩ ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እግር ሲቆረጥ ያላየ የቀዶ ጥገና ሐኪም በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም።

መልስ፤ ከ«እናት ከኮምቦልቻ»

ባለሙያዎቹ ስትነጋገሩ መግባቴን ይቅር በሉኝ። ለብዙ ዓመት ቆሜ ስሠራ ወገቤን ታምሜ፣ ለእጅ ሕክምና ወደ ሁለት ቦታ ሄጄ ነበር፤ የየትኛውንም ስም አላነሣም።

የመጀመሪያው ባለሙያ እጁ ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ እጁ ጀርባዬን እየጫነ በሌላው ስልክ ያነጋግር ነበር። በፊቴ ተደፍቼ ስለነበር ስልኩን አላየሁትም፤ ንግግሩን ሳልሰማ በፊት ግን እጁ እንደተለወጠ ታውቆኛል። መጫኑን አላቆመም፤ እንዲያው ሰውየው ከእጁ ላይ የለም። ሐኪሙ ስለ ጣሊያኖቹ የጻፉትን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛዋ ልጅ ግን ተቃራኒ ነበረች። በጣም አዛኝ፣ ልታድነኝ የጓጓች። በየመሐሉ «እማዬ፣ ተሻለዎት?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበል? እንዲያ ለፍታ፣ ግንባሯን አልቧት፣ «ምንም አልተሻለኝም» ማለት አሳፈረኝ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል ብሎኛል» እያልሁ እመለሳለሁ። ወደ ቤቴ ስገባ ያው ጎንበስ ብዬ ጀሪካን ማንሣት አልችልም። ለካስ የእርሷ ጉጉት ለእኔ ይሉኝታ ሆኖብኝ ነበር። እርሷም በእኔ ቃል ተማምና ያንኑ ነገር ስትደጋግም ከረመች። ኒያ ዋጋ አለው፣ እኛም ሥራ ሁሉ በኒያ ነው ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ነገር ግን የአካሚው ኒያ እንዲህ ጎልቶ ሲታይ ታካሚው እውነቱን እንዲደብቅ ሊያደርገው ይችላል።

ምላሽ፤ ከ«ፊዚዮ ዘደሴ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናታችን ጽሑፍ ያላሰብሁትን በር ከፈተልኝ፤ እኔ አካሚው ለታካሚው ምን ያስተላልፋል እያልሁ ስጠይቅ፣ ታካሚው ለአካሚው መልሶ የሚሰጠው ቃልም በዚያው ሐሳብ እንደሚጣመም አላስተዋልሁም ነበር። እንዲህ ከሆነ በየቀኑ መዝገብ ላይ ከምጽፈው «ተሻሽሏል» ውስጥ ስንቱ ይሉኝታ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ለታካሚው ስለዚህ ጉዳይ ምን ልበለው? «ይሻልዎታል» ብዬ ተስፋ መስጠቴ ጥቅም አለው ከተባለ፣ ምን ያህል ቢሆን ነው ውሸት የማይሆነው?

መልስ፤ ከ«የቦርከና ልጅ»

ስለ ይሉኝታው፣ «ተሻለዎት?» የሚለውን ጥያቄ ከሕክምናው ክፍል ያውጡት። በመጀመሪያው ቀን ታካሚው ማድረግ ያቃተውን አንድ የዕለት ሥራ ራሱ እንዲመርጥ ያድርጉ፤ ሙሉ ጀሪካን ከመሬት ማንሣት፣ በዱካ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ መስጊድ ሰግዶ ያለ ድጋፍ መነሣት፣ ከሆጤ እስከ ፒያሳ ሳያርፉ መሄድ። ያንን ይጻፉት። በሚቀጥሉት ቀጠሮዎች የሚጠየቀው ስለዚያ ሥራ ብቻ ይሁን፤ ከተቻለም የሚጠይቀው ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ እንጂ እርስዎ አይሁኑ። «ጀሪካኑን አነሡት ወይስ አላነሡትም?» የሚለው ጥያቄ ለይሉኝታ የሚተወው ቦታ ትንሽ ነው። በአራተኛው ቀጠሮም ካልተነሣ፣ ያንኑ ስልት በበለጠ ጉጉት መድገም ሳይሆን ምርመራውን እንደገና መጀመር ይገባል፤ ሐኪሙ የጻፉት የቲቢ ጉዳይም የሚታወሰው ያኔ ነው። እኔ እንዲያውም በመጀመሪያው ቀን መታወስ አለበት እላለሁ።

ስለ ተስፋው፣ አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ እንደሚሄድ የታወቀ ስለሆነ፣ ያንን በሙሉ ልብ መናገር ውሸት አይደለም። ውሸቱ የሚጀምረው «እኔ ነኝ ያዳንሁዎት» ሲባል ወይም ዓመታት ለቆየ ሕመም ቀን ሲቆረጥለት ነው።

ከሐኪሙ ጋር በአንድ ነገር እለያለሁ። ስልቱና ሐሳቡ ሊነጠሉ ስለማይችሉ ውጤቱ አጠራጣሪ ነው የሚሉ ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለቱን መነጠል ለተመራማሪ እንጂ ለአካሚ የግድ አይመስለኝም። ሥራው የሚፈልገው በየታካሚው መካከል እጅን በሙቅ ውኃ መታጠብ (በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ መዳፍ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ጡንቻው የአካሚውን ደግ ሐሳብ አይጠብቅም፣ ወዲያው ይጨብጣል)፣ ስልኩን ከክፍሉ ውጭ ማስቀመጥ፣ ከመንካት በፊት ምን እንደሚፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለራስ መናገርና እጁ ሌላ ነገር ካገኘ ያንን ዓረፍተ ነገር ለመተው ዝግጁ መሆን ነው።

መልስ፤ ከ«ውስጥ ደዌ»

ልዩነታችን ይቆይ፤ ለአካሚ የግድ አይደለም የሚለው ግን ታካሚው ከኪሱ የሚከፍል ሲሆን አይዋጥልኝም። ሐይቅ ወይም ሐርቡ ድረስ እየተመላለሰ ለትራንስፖርትና ለሕክምና የሚያወጣ ሰው፣ የሚገዛው ስልቱን ይሁን የአካሚውን ደግነትና ጊዜ የማወቅ መብት አለው። ያንን ደግነትና ጊዜ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ከቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ጋር በሁለት ቀጠሮ ሊሰጠው ከቻለ፣ ስድስት ቀጠሮ ማስያዝ ምክንያት ይፈልጋል። የጀሪካኑን አጠያየቅ ግን ከነገ ጀምሮ በእኔም ክፍል እሞክረዋለሁ።